በዲሽቃ ፊት የገጠምኩት መስኮት

ነገሩ የሆነው ደርግ በወደቀ በሦስት ዓመት ከመንፈቁ፣ ኅዳር ውስጥ፣ ሐርጌሳ ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ በእጄ የገጠምኳቸውን መስኮቶች ቁጥር አላውቀውም። ድሬዳዋ የራሴን ወርክሾፕ ከከፈትኩ እንኳ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ያን አንዱን መስኮት ግን ግራይንደር ባነሳሁ ቁጥር አስታውሰዋለሁ። ለባለቤቴ ግማሹን ነግሬያታለሁ። ሙሉውን ሳወጣው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

በደርግ ጊዜ ወታደር ነበርኩ። ወታደር ስል ግን ተኳሽ አልነበርኩም፤ ምሥራቅ በነበረ አንድ የጦር ክፍል ውስጥ የተሽከርካሪ ጥገና ላይ በያጅና ላሜራ ቀጥቃጭ ነበርኩ። ሠራዊቱ ሲበተን ጓደኞቼ ግማሹ ወደ ጅቡቲ፣ ግማሹ ወደየቤቱ ሄደ። እኔ እግሬ አውጪኝ ብዬ በጅግጅጋ በኩል ሐርጌሳ ገባሁ። ጥቂት ወር ሠርቼ እመለሳለሁ ያልኩት ሰውዬ ሦስት ዓመት ቆየሁ።

ከተማዋ የገዛ መንግሥቷ በቦምብ ከደበደባት ከመጀመሪያው ጦርነት ገና አላገገመችም። ግድግዳው ቆሞ ጣሪያው፣ በሩና መስኮቱ ተነቅሎ የተወሰደበት ቤት ነው የሚበዛው። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ይህ ሥራ ነው። እዚያው ሐርጌሳ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ቀን ቀን ዋሄን ገበያ ዳር በርና መስኮት እሠራ ነበር። ሶማሊኛውንም ለመከራከር የሚበቃኝን ያህል ለምጄዋለሁ። መከራከር እወዳለሁ፤ እንግዲህ ይህን ከመጀመሪያው ተናግሬ ልለፍ።

ኤዶ ሰህራን ያወቅኋቸው በሥራ ነው። ኤዶ በእነሱ አክስት እንደማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራቸው። ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር የታወቁ አዋላጅ ነበሩ። ስደት ላይ ሳሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ካምፕ ኖረው ስለነበር አማርኛም ይሰማሉ። ቤታቸው ጣሪያ ስለሌለው የሚያዋልዱት ግቢያቸው ውስጥ በቆመ ተጎታች ቤት ነው። ድሮ አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ለመሐንዲሶቹ ማደሪያ ያመጣው፣ መኪና እየጎተተ የሚያዞረው ባለ ጎማ ቤት ነበር። በጦርነቱ ጎማዎቹ ተወስደው በድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

"ልጄ፣ ሴቶቹ በምጥ ሳይሆን በሙቀት ሊያልቁብኝ ነው" አሉኝ ዋሄን ድረስ መጥተው። ባለፈው ሳምንት አንዷ ልጁ ሊወጣ ሲል ራሷን ስታ እሷንም ልጁንም ያተረፏቸው በመከራ ነው። ሄጄ አየሁት። ቤቱ የዳቦ መጋገሪያ ነው። የድሮዎቹ ሁለት መስኮቶች የነበሩት በጎረቤታቸው በጃማ ግቢ በኩል ነበር። እዚያ ወንዶች ተሰብስበው ጫት ስለሚቅሙ፣ የምታምጥ ሴት እንዳትታይ ብለው ኤዶ ራሳቸው በላሜራ አስደፍነዋቸዋል።

"ታዲያ አዲሱን በየት በኩል ልክፈተው?" አልኳቸው።

"በቶጉ በኩል። እዚያ ከፍየል በቀር የሚያይ የለም።"

ቶግ የሚሉት ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ውሃ የሚያልፍበትን ደረቅ የወንዝ አሸዋ ነው። እውነትም በዚያ በኩል ቤት የለም። ከአሸዋው ማዶ ያለው ጉብታ ላይ ግን ከወር በፊት ታጣቂዎች ሰፍረውበታል። የማን ወገን እንደሆኑ አሁን መናገሩ ለማንም አይጠቅምም። ዲሽቃ መትረየስ የተጫነባት አንዲት ፒክአፕ ነበረቻቸው። በዚያ ሰሞን ከተማው ውስጥ እርስ በርስ መታኮስ ስለተጀመረ ማታ ማታ ተኩስ ይሰማል፤ ሰውም ለምዶታል። እኔም ለምጄዋለሁ ብዬ አስብ ነበር።

መስኮቱን ኤዶ ራሳቸው ናቸው ገዝተው የጠበቁኝ። ከተገለበጠ አውቶቡስ ላይ የተነቀለ፣ ከነቴላዮው፣ ከነዙሪያ ብረቱ ማለት ነው፣ ያለ ተንሸራታች መስታወት ነው። አራቱም ጥጉ ክብ ነው። እንዲህ ያለውን ቀጥ ባለ ላሜራ ላይ መግጠም ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

"ኤዶ፣ ይሄ የአውቶቡስ ነው። ለቤት አይሆንም። ጥግ እንኳ የለውም" ብዬ አጉረመረምኩ።

"ጥግ ያለው ካገኘህ አምጣልኝ፤ እስከዚያው ጥግ የሌለውን ግጠምልኝ" አሉኝ። ሳቁብኝም። ሜትሬን አውጥቼ መለካት ጀመርኩ።

ቀን ላይ በእጅ የሚሠራውን ሠራሁ። ከውስጥ በኩል ያለውን ኮምፔንሳቶ አነሳሁ፤ በእሱና በላሜራው መሀል ያለውን ቢጫ ስፖንጅ መስኮቱ በሚገባበት ልክ ቆርጬ አወጣሁ። የግድግዳው የብረት አጥንት የት የት እንዳለ አይቼ መስመሬን በኖራ አሰመርኩ። የቀረው ላሜራውን በግራይንደር መቁረጥ ነው። ለዚያ ደግሞ መብራት ያስፈልጋል። መብራት ያለው ጃማ ጋ ነው፤ ጃማ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ፀሐይ ልትገባ ስትል ነው።

ጃማ ድሮ በሐርጌሳና በጅግጅጋ መሀል ጭነት የሚያመላልስ ሾፌር ነበር። አሁን ሁለት ሴት ልጆች ይዞ ለሰፈሩ መብራት እየሸጠ ይኖራል። የሾፌር አማርኛ ይችላል፤ ስድቡንና ዋጋውን አሳምሮ፣ የቀረውን እንደነገሩ። ሥራ ሲያይ ደግሞ ዝም ማለት አያውቅም። የዚያን ዕለትም ገመዱን በአጥሩ ላይ አሳልፎ ከሰጠኝ በኋላ አልሄደም። በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል።

"ሐበሺ፣ ለምን ከውጪ ቆመህ አትቆርጠውም?"

"ከውጪ ስቆርጥ ብልጭታው ወደ ውስጥ ገብቶ ስፖንጁን ያነደዋል። እንዲህ ያለ ስፖንጅ እንደ ቤንዚን ነው። አንድ መኪና በእጄ ተቃጥሎብኛል።" እውነት ነው። ጥገና ክፍል ሳለሁ የአንድ መኮንን መኪና በዚሁ ምክንያት ነዶብኝ ታስሬበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ስፖንጅ ያለበትን ግድግዳ የምቆርጠው ከውስጥ ሆኜ፣ ብልጭታውን ወደ ውጪ እያስተፋሁ ነው።

ጃማ አሰበና "እሺ፣ ወደ ውጪ የሚተፋውንስ ማን ያየዋል?" አለኝ።

"ፍየል።"

"ከማዶ ያሉትም ያዩታል። ቀን ቢሆን ግዴለም። አሁን ሊመሽ ነው። ብርድ ልብስ ስቀልበት።"

"ብርድ ልብሱ ቢነድስ?"

"ውሃ ነክረን እንሰቅለዋለን።"

ምክሩ ትክክል ነበር። ወታደር ቤት ስድስት ዓመት በልቼ፣ በደንገዝጋዛ ብልጭ የሚል ነገር ከሩቅ ምን እንደሚመስል ከእሱ የተሻለ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ግን ቀኑን ሙሉ ስሠራ ደክሞኛል፤ ጄኔሬተሩ የሚቆየው እስከ ኢሻ፣ እስከ ማታው ሶላት ነው፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሥራዬን ሾፌር አያስተምረኝም አልኩ። "አንተ ጄኔሬተርህን ጠብቅ፤ ውሃውን ለሻይህ አቆየው" አልኩት።

"ወላሂ ግትር ነህ" ብሎኝ እየሳቀ ወጣ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ሲል መከራ ይምከረው ይባላል። መከራው ግን የመጣው በእኔ ላይ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት።

ግራይንደሩን አስነሳሁ። የላዩን መስመር ጨረስኩ። የግራውን አጋመስኩ። ብልጭታው በቀዳዳው እየተንፎለፎለ ወደ ውጪ ይወጣል። ሥራው ሲያምርልኝ የማፏጨት ልማድ አለኝ፤ አፏጭ ነበር መሰለኝ። ግራይንደር ሲጮህ የራስህንም ፉጨት አትሰማም።

መጀመሪያ ያየሁት ከራሴ በላይ ግድግዳው ላይ ድንገት የተከፈተ ቀዳዳ ነው። ጣት የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ፣ የሰማዩ ብርሃን ይታይበታል። ምን እንደሆነ ሳልገነዘብ አጠገቡ ሌላ ተከፈተ፤ ከዚያ ተራውን ተረተረው። ኮምፔንሳቶው እየተሰነጠረ ፊቴ ላይ ረገፈ። ወለሉ ላይ ወደቅኩ። ግራይንደሩ ከእጄ አምልጦ እየተሽከረከረ ሱሪዬን ቀደደው፤ ገመዱን ጎትቼ ነቀልኩት። ያኔ ነው የዲሽቃው ድምፅ የተሰማኝ። ቤቱ በተቀመጠበት ድንጋይ ላይ እየተናጠ ነው። የማዋለጃው አልጋ ተገለበጠ። የኤዶ የመድኃኒት ብልቃጦች አንድ ባንድ እየፈነዱ ላዬ ላይ ፈሰሱ። አፌን ወለሉ ላይ ደፍቼ "እመቤቴ፣ እመቤቴ" ከማለት በቀር ምንም አላደረግሁም።

ምን ያህል እንደቆየ አላውቅም። ሲያቆም የሚሰማው የጃማ ጄኔሬተር ብቻ ነበር፤ ዱክ ዱክ ይላል፣ ምንም እንዳልሆነ።

በደረቴ እየተሳብኩ በበሩ ወጣሁ። ሰውነቴን ዳሰስኩ። ከመሰንጠርና ከመቧጠጥ በቀር የነካኝ የለም። ተነስቼ ልሮጥ ስል ከቤቱ ጀርባ በቶጉ በኩል መሬት ላይ የተዘረጋ ነገር አየሁ። ብርድ ልብስ ነው። ብድግ ሳደርገው እርጥብ ነበር፤ ውሃው እስከ ክንዴ ወረደ። ከሥሩ ጃማ ነው።

ዲሽቃ ሰው ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ በወታደርነቴ አይቻለሁ። አልዘረዝረውም፤ ልጆቹ ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ይህን ብቻ ልናገር፤ ከደረቱ በታች ሰው የሚባል ነገር አልነበረውም፤ ሁለት እጆቹ ግን የብርድ ልብሱን ሁለት ጫፍ እንደጨበጡ ነበሩ። በጣቶቹ መሀል ሚስማር ይዟል። ብርድ ልብሱን ነክሮ፣ ዞሮ መጥቶ፣ እኔ ውስጥ እያፏጨሁ እሱ ውጪ ሊሰቅልልኝ ነበር።

ሚስቱ ኻድራ ከአጥሩ ማዶ ስሙን እየጠራች ጮኸች። ኤዶም ከቤታቸው እየሮጡ መጡ። ሁለቱም ከመድረሳቸው በፊት ግን ፒክአፗ አሸዋውን አቋርጣ ግቢው ውስጥ ገባች።

ስድስት ነበሩ። ሁለቱ ዘለው ወርደው በክላሽ ሰደፍ አንገቴን መቱኝ። ወደቅኩ። በጫማ ይረግጡኝ ጀመር፤ ጎኔን፣ ፊቴን፣ ያገኙትን። አንዱ እግሬን ብድግ አድርጎ ጫማዬን አየ። የወታደር ቡትስ ነው፤ ሌላ ጫማ አልነበረኝም። "ወታደር ነው! የደርግ ወታደር ነው! ጠላቶቻችን ቀጥረውት ነው!" ብሎ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የወረደብኝን ዱላ አልቆጠርኩትም። ግራ እጄን የበሩ ደረጃ ላይ ዘርግተው በሰደፍ መቱት፤ ሁለት ጣቶቼ ሲሰበሩ ድምፃቸውን ሰማሁት። አሁንም ብርድ ሲሆን አይታጠፉልኝም።

አለቃቸው ጢሙን ሂና የተቀባ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር ሰው ነበር። ሰዎቹ ቤቱን ገብተው በረበሩት። ፍራሹን ቀደዱ፣ ወለሉን ነቀሉ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው፤ ከመቀስና ከፋሻ በቀር ምን ያገኛሉ? አለቃው የቆረጥኩትን ቀዳዳ ዳሰሰና ተመልሶ ፊቴ ቁጢጥ አለ።

"መሣሪያውን የት ደበቅኸው?"

"መሣሪያ የለኝም። መስኮት ነው የምሠራው።"

"እኔም ግንበኛ ነበርኩ" አለ። "መስኮት የሚሠራ ሰው ከውጪ ነው የሚቆርጠው። ከውስጥ የሚቆርጥ የመተኮሻ ቀዳዳ የሚከፍት ነው።"

ጃማ የጠየቀኝን ነው የጠየቀኝ። ስለ ስፖንጁ በተሰበረ አፍና በተሰበረ ሶማሊኛ ነገርኩት። ከመሬት አንድ ቁራጭ አንስቶ በክብሪት ለኮሰው። ስፖንጁ በአንዴ ቦግ ብሎ ጥቁር ጭስ ሲያወጣ ጣቱን አቃጥሎት ወረወረው። ያመነኝ አልመሰለኝም፤ ሰዎቹም አንዱ ክላሹን አቀባብሎ ራሴ ላይ ደግኗል።

ኤዶ ሰህራ በዚያ መሀል ገቡ። የጃማን ፊት በነጠላቸው ሸፍነው፣ እጃቸው በደሙ እንደተነከረ መጥተው በእኔና በጠመንጃው መካከል ቆሙ። ስድሳ ዓመት የሚጠጋቸው ቀጭን ሴት ናቸው። አልጮሁም።

"ይህ ሰው መገኔ ነው" አሉት።

መገን በእነሱ ልማድ በአንድ ሰው ጥላ ሥር የገባ እንግዳ ማለት ነው። የራሱ ጎሳ የለውም፤ ግን የነካው ሰው ያስጠለለውን ሰው እንደነካ ነው የሚቆጠረው። እኔ እንዲህ ያለ ማዕረግ እንዳለኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

"ወታደር ነው፣ ኤዶ" አላቸው አለቃው። እንደ ማንም ሰው ኤዶ ነው የሚላቸው።

"ምንም ይሁን። ብትገድለው የፈሰሰው የሐበሻ ደም አይደለም፤ የኔ ነው። የኔ ሰዎች የአንተን ሰዎች ይጠይቃሉ። አንዱን ዛሬ ገድለህብኛል፤ ከነብርድ ልብሱ እዚያ ተኝቷል። መሣሪያ ይዞ ነበር? ሄደህ እየው!"

አለቃው ሄዶ አየ። ሲመለስ ፊቱ እንደ መጀመሪያው አልነበረም፤ ለሰዎቹ ግን መሸነፉን ሊያሳይ አልፈለገም። ዙሪያውን ሲቃኝ አጥሩ ላይ የተደገፈውን የአውቶቡስ መስኮት አየው። አንዱ መስታወት በጥይት ተበስቷል፤ ሌላው ደህና ነው።

"መስኮት ነው ካላችሁ ይግጠመው" አለ። "ከኢሻ በፊት። ከገባ መስኮት ነው።"

"ካልገባስ?" አሉት ኤዶ።

አለቃው የመሣሪያ ሳጥኔ ላይ ተቀመጠ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ፒክአፗን አዙረው መብራቷን ለቀቁብኝ። ግራይንደሩን ከሰካሁ ደግሞ ሌላ ወገን ብልጭታውን አይቶ ይተኩሳል ብዬ ፈራሁ፤ ሴጌቶ፣ የእጅ ብረት መጋዜን፣ አነሳሁ። በአንድ ደህና እጅ ላሜራ በሴጌቶ መቁረጥ ምን ያህል እንደሚያስለቅስ የሞከረው ያውቀዋል። የታችኛው ቀኝ ጥግ በዲሽቃ ተቦጫጭቆ ቴላዮው የሚይዘው ነገር አጥቷል። ከወለሉ የተነቀለ ቁራጭ ላሜራ አንስቼ፣ በመዶሻ አጎብጬ፣ ከውስጥ ደግፌ በብሎን አሰርኩት። ላቡና ደሙ ዓይኔ ውስጥ እየገባ መስመሬን አላይም። ኤዶ በቀሚሳቸው ጫፍ ይጠርጉልኛል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጃማ ከእግሬ ሦስት እርምጃ ላይ ነው። አለቃው ሴቶቹ እንዲያነሱት ፈቀደ። ኻድራና ጎረቤቶቿ በዚያው በእርጥቡ ብርድ ልብስ ጠቅልለው ሲወስዱት በአጠገቤ ነው ያለፉት። ለቅሶው ከአጥሩ ማዶ ቀጠለ። እኔ እፍረት የለኝም፤ እየሞረድኩ ነበር። ከለቅሶው ይልቅ ሞረዱን ነበር የምሰማው። ሰው ለነፍሱ ሲል እንዲህ ይሆናል።

መጀመሪያ ስገፋው መስኮቱ አልገባም። ከላይ ግማሽ ጣት ያህል ይተርፋል። ከኋላዬ አንዱ ሳቀ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ሱሪዬ ረጥቧል። ኤዶ ግን ቴላዮውን ከእጄ ተቀብለው በሁለት ክንዳቸው ደግፈው ያዙና "ቀስ በል። የመጀመሪያ ልጅ ሁልጊዜ ያስቸግራል" አሉኝ በአማርኛ። ሊያስቁኝ ነበር። እንደገና ሞረድኩ። የላይኛውን ሁለት ጥግ አከበብኩ። እሳቸው ከውጪ፣ እኔ ከውስጥ ሆነን ስንገፋ ቴላዮው ጓ ብሎ ገባ። ብሎኖቹን አንድ ባንድ አጠበቅኩ፤ ካቻቢቴው ከእጄ ስንት ጊዜ እንደወደቀ አላስታውስም።

አለቃው ተነስቶ መጣ። መስታወቱን በጣቱ ገፋ፤ ተንሸራቶ ተከፈተ። ዘጋው። ደግሞ ከፈተው። እጁን አሳልፎ ወደ ቶጉ ዘረጋ፣ መልሶም ዳሩን ዳሰሰ።

"ጥሩ እጅ አለህ" አለኝ። "የመኪናዬ የፊት መስታወት ተሰብሯል። ነገ አመጣዋለሁ።"

ምን እንዳልኩት ታውቃላችሁ? "እሺ ጌታዬ" አልኩት። ገድሎ ለመጣ ሰው፣ ጃማ በአጥሩ ማዶ ሬሳው ሳይታጠብ፣ "እሺ ጌታዬ" አልኩ። እስከ ዛሬ ይህች ቃል ታንገበግበኛለች። ሄዱ። ኤዶ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ።

መስታወቱን ይዞ አልመጣም። በማግስቱ ከተማው ሁሉ በከባድ መሣሪያ ተናወጠ። ጃማን ጎህ ሲቀድ አጣድፈው ቀበሩት፤ እኔም በደህናው እጄ አፈር አለበስኩ። ረፋዱ ላይ ኤዶ፣ ኻድራ፣ ሁለቱ ልጆቿና እኔ ወደ ኢትዮጵያ ጠረፍ በምትሄድ የጭነት መኪና ላይ ከሌላ ሰው ሁሉ ጋር ተፋፍገን ወጣን። መኪናዋ የጫነችው ሰው ሁሉ ልብስና ሕፃን ይዟል። እኔ የያዝኩት የመሣሪያ ሳጥኔን ነው።

ኻድራ ከፊት ለፊቴ ነበረች። ከተማዋ ከኋላችን እየጨሰች፣ እሷ አቀርቅራ ቆይታ ድንገት ቀና ብላ አየችኝ።

"ወንድሜ፣ ብርድ ልብሱን ይዞ እዚያ ምን ይሠራ ነበር?"

ኤዶ ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። ሌላ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። በዚያች ሰዓት "እኔ አልሰማ ብዬው ነው" ብላት፣ መኪናው ላይ ያለው ሰው ሁሉ የእሱ ዘመድ ነው፤ በሕይወት አልወርድም። "አላውቅም" አልኳት።

እንደገና ጠየቀችኝ። "አጠገቡ የነበርከው አንተ ነህ። ሲሞት ሻሃዳውን ብሏል? ሰምተኸዋል?"

ሻሃዳ እስላም ሲሞት የሚላት የመጨረሻ የእምነት ቃል ናት። ግራይንደሩ እየጮኸ ነበር፤ በመሀላችን ላሜራ ነበር። ምንም አልሰማሁም። ማንም ሰው ሊሰማ አይችልም። የሁለቱ ልጆች ዓይን እኔ ላይ ተተክሏል። ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ "አዎ፣ ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜ ብሏል" አልኳት።

ኻድራ ልጆቿን ወደ ራሷ ጎትታ "ሰማችሁ? ሁለት ጊዜ" አለቻቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋ ሲላላ አየሁ። ኤዶ ሰህራ ረጅም ጊዜ ትኩር ብለው አዩኝ። ግራይንደር እንዴት እንደሚጮህ ያውቃሉ። "አልሐምዱሊላህ" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ጅግጅጋ ላይ ተለያየን። ከዚያ ወዲህ ስለ ኻድራ የሰማሁት የለም። ኤዶ ወደ ሐርጌሳ ተመልሰው ተጎታች ቤቱን ጠግነው ማዋለዳቸውን እንደቀጠሉ አንድ ሾፌር ነግሮኝ ነበር፤ መስኮቱም እንዳለ ነው አለኝ።

ስለ ሻሃዳው የዋሸሁት አይቆጨኝም። እግዚአብሔርም ይቅር ይለኛል፤ የእነሱም ፈጣሪ ይቅር ይለኛል ብዬ አምናለሁ። "አላውቅም" ያልኩት ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ያን የዋሸሁት ለማንም አዝኜ አይደለም፤ የራሴን አንገት ለማዳን ነው። የአንድ ደግ ሰው የሞቱን ምክንያት እኔ ጋ ደብቄ ይዤ ይኸው አርጅቻለሁ። አሁን ወርክሾፔ ውስጥ አንድ ሠራተኛ "እንዲህ ብናደርገው አይሻልም ወይ?" ሲለኝ መሣሪያዬን አስቀምጬ እሰማዋለሁ። ግን ይህ ለጃማ ምን ይረባዋል?

ኻድራ አማርኛ አታነብም። ልጆቿ ግን ያኔ ጅግጅጋ ቀርተው ከሆነ አማርኛ ተምረው ይሆናል። ይህን ያነበበች እንዳለች ለእናቷ ትንገርልኝ፤ ኻድራ፣ ባልሽ እዚያ የቆመው እኔ እምቢ ያልኩትን ሊሠራልኝ ነው።